የከሰዓት በኋላ የወይን እርሻና ፋብሪካ ጉብኝት በአነስተኛ ቡድን፦ አገልግሎቱ ለማን ምን ያስገኛል?

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የባቱ (ዝዋይ) ከተማ ለረጅም ዘመን የምትታወቀው በሐይቋና በዓሣዋ ነው። ወደ ላንጋኖ፣ ወደ ሻሸመኔና ወደ ሐዋሳ የሚያልፈው መንገደኛ ለምሳ ወይም ለነዳጅ ይቆምባትና ጉዞውን ይቀጥላል። የሞጆ–ሐዋሳ ፈጣን መንገድ ከሞጆ በመቂ በኩል እስከ ባቱ ያለው ክፍል አገልግሎት መስጠት ከጀመረ ወዲህ ግን ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ታይተዋል። በአንድ በኩል ከተማዋ ለዋና ከተማው ነዋሪ ቀርባለች፤ በሌላ በኩል ደግሞ በቀድሞው መንገድ በግድ ይቆም የነበረው ተጓዥ አሁን ሳይቆም ሊያልፋት ይችላል። እንግዳን የሚያስቆም አዲስ ምክንያት ማስፈለጉ የመጣው ከዚህ ነው። ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱ በአስጎብኚ የሚመራና ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚይዝ የከሰዓት በኋላ የወይን እርሻና የወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉብኝት ነው።

ካስቴል በተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በባቱ የተመሠረተው የወይን ጠጅ ፋብሪካ ምርቱን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን፣ ሪፍት ቫሊና አካሺያ የተባሉት ጠርሙሶቹ ዛሬ በብዙ ሆቴሎች ይገኛሉ። እርሻው ከ100 ሄክታር በላይ የሚሸፍን ሲሆን ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞና ሻርዶኔ የተባሉት የወይን ዝርያዎች ተተክለውበታል። ፋብሪካው ጎብኚዎችን በቀጠሮ ሲቀበል ቆይቷል። የአገራችን የወይን ጠጅ ታሪክ ግን ከባቱ የሚጀምር አይደለም። ጉደርንና አክሱማይትን የሚያመርተው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ከ70 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው፤ ከመንግሥት ይዞታ ወደ ግል ባለሀብቶች የተዛወረው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን ፍሬውን የሚያገኝበት የመርቲ እርሻ በአዋሽ ሸለቆ ይገኛል። ከፋብሪካዎቹ እጅግ አስቀድሞም ቢሆን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የሚሆነውን ወይን ከዘቢብ ስታዘጋጅ ኖራለች። ወይን ለዚህ አገር ሰው ባዕድ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው ወይን የሚሠራበትን ቦታ በክፍያ መጎብኘት ነው።

አገልግሎቱ አዲስ በመሆኑም ምን እንደሚገዛበት ጎብኚውም ሆነ አቅራቢው ጠንቅቆ አያውቀውም። ብዙ ሰው ዋናው ነገር መጠጡ ይመስለዋል። መጠጡ ከሆነ ግን በከተማው ሱቅ በቅናሽ ይገኛል፤ ለዚያ 160 ኪሎ ሜትር መጓዝ አያሻም። ጎብኚው የሚከፍለው ለማብራሪያው ነው። ለምሳሌ ያህል፣ የታወቁት የዓለም የወይን እርሻዎች አብዛኞቹ የሚገኙት ከምድር ወገብ በሰሜንም ሆነ በደቡብ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ነው፤ ባቱ ግን 8 ዲግሪ አካባቢ ላይ ትገኛለች። በዚህ ስፍራ ተክሉን ቅጠሉን አራግፎ እንዲያርፍ የሚያስገድደው ብርቱ ክረምት የለም። ስለዚህ የለቀማውን ወቅት የሚወስነው ከአየሩ ይልቅ የገራዡ መቀስ ነው፤ ተክሉ መቼ እንደተገረዘ ፍሬው መቼ እንደሚደርስ ይወስናል። የቀኑን ሙቀት የሚያለዝበው ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል የሆነው ከፍታና የሌሊቱ ቅዝቃዜ ነው። ይህን ጎብኚው ብቻውን ቆሞ ቢመለከት የሚያየው በሽቦ ላይ የተዘረጋ አረንጓዴ ተክል ብቻ ነው። በእርሻው ዙሪያ ሰፊ ቦይ መቆፈሩንም ቢያይ ለመስኖ ይመስለዋል፤ የተቆፈረው ግን ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገቡ ለመከላከል መሆኑን የሚነግረው አስጎብኚው ነው።

የቡድኑ ማነስ ጥቅምም የሚታየው በዚህ ላይ ነው። አንድ ሚኒባስ የሚይዘው ሰው፣ ማለትም ከ8 እስከ 12 የሚደርስ ጎብኚ፣ በተክሎቹ ረድፍ መካከል ቆሞ የአንድን አስጎብኚ ድምፅ ያለ ማጉያ ሊሰማ፣ ጥያቄም ሊጠይቅ ይችላል። 40 ሰው ሲሆን ከኋላ ያለው የሚሰማው የጎረቤቱን ወሬ ነው። በፋብሪካው ውስጥ ደግሞ ጉዳዩ ከመስማት ያልፋል። የወይኑ ጭማቂ በሚፈላበት ወቅት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ከአየር ስለሚከብድ በዝቅተኛ ስፍራ ይጠራቀማል፣ በታጠረ ቦታም ሰውን ራስ ሊያስት ብሎም ሊገድል ይችላል። በመሆኑም በፍላት ወቅት ወደ ጋን ክፍሉ ማን፣ መቼ፣ በየት በኩል እንደሚገባ መወሰን ያለበት የፋብሪካው ባለሙያ ነው። አስጎብኚውም የያዛቸውን ሰዎች ቁጥር በዓይኑ ቆጥሮ ማረጋገጥ መቻል አለበት። “አነስተኛ ቡድን” የሚለው ቃል በማስታወቂያ ላይ ሰፍሮ በተግባር ሁለት አውቶቡስ ሰው ተከታትሎ ከገባ ተገልጋዩ የከፈለበትን አላገኘም። ስለዚህ ተገልጋዮች ከመመዝገባቸው በፊት የቡድኑ ከፍተኛ ቁጥር ስንት እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው መጠየቅ ይገባቸዋል።

ሌላው ብዙ ያልተነገረለት ጉዳይ ሰዓቱ ነው። ለቀማ ፍሬው ሳይሞቅ በማለዳ የሚካሄድ ሥራ በመሆኑና የፋብሪካው ሠራተኛም በረፋዱ ሥራ ስለሚበዛበት፣ እንግዳ መቀበል የሚመቸው ከሰዓት በኋላ ነው። በስምጥ ሸለቆ ግን ከቀኑ 7 እና 8 ሰዓት ላይ በተክሎቹ መካከል መቆም በፀሐይ መጠበስ ነው። የሚመቸው ጊዜ ከ9 ሰዓት ገደማ እስከ 11 ሰዓት ተኩል ያለው ነው። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው የከተማው መጨናነቅ ታክሎበት የአንድ መንገድ ጉዞ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሊወስድ ይችላል። ስሌቱ ሲሠራ ጎብኚው እኩለ ቀን ላይ ተነሥቶ፣ ሁለት ሰዓት ጎብኝቶና ቀምሶ፣ ከመሸ በኋላ በጨለማ ይመለሳል ማለት ነው። ይህ የተጣበበ ቀን ነው፤ በቅምሻ ለደከመ መንገደኛም ሆነ ከጠዋት ጀምሮ መሪ ለያዘ ሹፌር ተስማሚ አይደለም። የደርሶ መልስ ጉዞ የሚሸጡ ድርጅቶች ይህን ለደንበኛ ሲያስረዱ እምብዛም አይታይም።

የከሰዓቱ ጉብኝት ትርጉም የሚኖረው ጎብኚው ባቱ ወይም ላንጋኖ ሲያድር ነው። ባቱ ያደረ እንግዳ ምሽቱን በከተማዋ ይመገባል፣ ማለዳ ከሐይቁ ዳር ቆሮሶ ሲወጣ፣ ፔሊካንና አባ ኮዳ ከዓሣ አጥማጆቹ እግር ሥር ሲሻሙ ይመለከታል፤ ጊዜ ካለውም በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ይሻገራል። ከደሴቶቹ ትልቁ ቱሉ ጉዶ የዛይ ማኅበረሰብ መኖሪያ ሲሆን በላዩ የደብረ ጽዮን ገዳም ይገኛል፤ የአክሱም ጽላት በዮዲት ጉዲት ዘመን ወደዚያ ሸሽቶ እንደነበር በትውፊት ይነገራል። በዚህ መልክ ሲደራጅ የሁለት ሰዓቱ የወይን ጉብኝት የአንድ ሌሊት አልጋ፣ የሁለት ማዕድ፣ የጀልባ ኪራይና የአስጎብኚ አበል ምክንያት ይሆናል። በደርሶ መልስ ሲሆን ግን ለከተማዋ የሚቀረው ከጎማ የሚነሣ አቧራ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ተሽከርካሪው ከአዲስ አበባ፣ አስጎብኚው ከአዲስ አበባ፣ ምሳውም በመንገድ ላይ ነውና።

ለባቱ ወጣቶች የሚያሰጋው ይኸው ነው። የፋብሪካው ቅጥር የመስክ ሠራተኞችን ሲያቅፍ ቆይቷል፤ ተክሉን የገረዘ፣ ፍሬውን የለቀመ ሰው በከተማዋ ሞልቷል። ይህ ሰው ስለ እርሻው ከማንም በላይ ያውቃል። የጎደለው ዕውቀቱን በቅደም ተከተል ለእንግዳ የማስረዳት ሥልጠናና የሚሠራበት ሕጋዊ ፈቃድ ነው። አንድ ሰው በግሉ ወይም በማኅበር ተደራጅቶ በአካባቢ አስጎብኚነት ለመሥራት ሲፈልግ ጉዳዩን መጀመር ያለበት በሚኖርበት ከተማ ወይም ወረዳ ከሚገኘው የቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው። የአስጎብኚ ድርጅት ለማቋቋም የሚፈልግ ደግሞ የንግድ ፈቃድ ከማውጣቱ በፊት ከዘርፉ አካል የብቃት ማረጋገጫ ማግኘት ይጠበቅበታል፤ የንግድ ምዝገባውና ፈቃዱ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 የሚመራ ሲሆን ማመልከቻውን በበይነ መረብ ማቅረብም ይቻላል። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ማስተዋል ይገባል። በአካባቢ አስጎብኚነት የሚሠራ ሰው ተሽከርካሪና ቢሮ እንዲያሟላ የሚገደድ እየመሰለው ብዙ ወጣት ገና ከበሩ ይመለሳል።

ስለ ቅምሻው ሕጋዊ ገጽታ በቂ ግንዛቤ ያለ አይመስልም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የአልኮል መጠጥ ማስተዋወቅንም አስቀርቷል። የመጀመሪያው ክልከላ በጉብኝት ላይ ሲተረጎም ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው እርሻውን ቢጎበኙ የሚከለክላቸው ባይኖርም የቅምሻ ጠረጴዛው ግን ለልጆቹ አይደለም ማለት ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በቡድን የሚያስተናግድ ድርጅትም መታወቂያ መመልከት ይኖርበታል። ሁለተኛው ክልከላ ከዚህ ጠለቅ ያለ ጣጣ አለው። ማስታወቂያ የተዘጋባቸው አምራቾች ምርታቸውን ለሕዝብ ከሚያሳዩባቸው ጥቂት በሮች አንዱ ጉብኝቱ ሆኗል። በሩ ሕጋዊ ነው፤ ነገር ግን አስጎብኚው የሚናገረው ሁሉ የአምራቹ ውዳሴ ሲሆን ጎብኚው ገንዘቡን ከፍሎ ማስታወቂያ አዳመጠ ማለት ነው። ጥሩ አስጎብኚ ስለ ምርቱ ጣዕም የሚያወራውን ያህል ስለ መጠኑና ስለ ጉዳቱም ይናገራል።

ስለ መጠኑ ጥቂት ስሌት ማቅረብ ይበጃል። በተለመደው ቅምሻ አምስት ዓይነት ወይን ጠጅ ቢቀርብና እያንዳንዱ 50 ሚሊ ሊትር ቢቀዳ ድምሩ 250 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም የአንድ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ሲሶ ነው። የአልኮል መጠኑ 13 በመቶ ቢሆን ከ25 ግራም በላይ ንጹሕ አልኮል በአንድ ሰዓት ውስጥ ተወሰደ ማለት ነው። “እኔ የቀመስኩት ጉንጭ ጉንጭ ብቻ ነው” ብሎ መሪ የሚይዝ ሰው ይህን ቁጥር ሊያጤነው ይገባል። በሌላው ዓለም በቅምሻ ጠረጴዛ ላይ የመትፊያ ዕቃ የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ በእኛ ባህል የቀረበን መጠጥ መትፋት ነውር ስለሚመስል አስጎብኚው አስቀድሞ ቢያስረዳ እንግዳው አይሸማቀቅም። ሹፌሩ ግን በጉንጩም አይቀምስም። ጠጥቶ ማሽከርከር በሕግ የሚያስቀጣ ከመሆኑም በላይ 12 ሰው በምሽት በፈጣን መንገድ የሚያጓጉዝ ሰው “ትንሽ ብቻ” የሚለው ነገር ሊኖር አይችልም። ለሹፌሩ አንድ ጠርሙስ ታሽጎ ቢሰጠው ቤቱ ደርሶ ሊከፍተው ይችላል፤ ይህ ልማድ ቢሆን መልካም ነው።

የማይጠጡ ጎብኚዎች ጉዳይም ችላ ሊባል አይገባም። በሃይማኖት፣ በጾም፣ በጤና፣ በእርግዝና ወይም በግል ምርጫ ምክንያት የማይጠጣው ሰው በአገራችን ቁጥሩ ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እርሻውን ካሳዩት በኋላ በቅምሻው ክፍል ጥግ ላይ ውኃ ይዞ እንዲቀመጥ ማድረግ ሙሉ ዋጋ አስከፍሎ ግማሽ አገልግሎት መስጠት ነው። የወይን ጭማቂ፣ ፍሬው ራሱ፣ የአካባቢው ማርና ቡና ሊቀርብለት ይችላል፤ ወይም ዋጋው ቅምሻውን ሳይጨምር ይነገረዋል።

በጉብኝቱ መጨረሻ ጎብኚው ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በሱቁ በኩል ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ያለው መሆኑን ይደነግጋል፤ ዕቃውን አይቶ፣ አማርጦ ወይም ዋጋ ተከራክሮ በመገኘቱ ብቻ እንዲገዛ የማይገደድ መሆኑንም በግልጽ አስፍሯል። ስለሆነም አምስት ዓይነት ቀምሶ አንድም ጠርሙስ ሳይገዛ የወጣ ሰው ያጓደለው ነገር የለም። የመግቢያ፣ የቅምሻ፣ የትራንስፖርትና የአስጎብኚ ክፍያ ተለያይቶ የተጻፈበት ደረሰኝ መቀበልም መብቱ ነው። ቅሬታ የሚያቀርብ ተገልጋይ አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገረው ማስረጃ በማጣት ነው፤ በስልክ የተነገረ ዋጋና በቃል የተገባ ተስፋ ለመርማሪው አካል የሚይዘው ነገር አይሰጠውም።

ከሌሎች አገሮች ልምድ በዚህ ረገድ የደቡብ አፍሪካው ስቴለንቦሽ ይጠቀሳል። በዚያ የወይን መንገድ የተባለው የጉብኝት መስመር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን ጠንሳሾቹ የሦስት እርሻዎች ባለቤቶች ናቸው። ጎብኚ አንድ እርሻ ብቻ ለማየት ከሩቅ እንደማይመጣ ተረድተው በራፋቸውን በጋራ ከፈቱ። በአቅራቢያው ባለችው ፍራንሽሁክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ጎብኚዎችን ከእርሻ ወደ እርሻ የሚያደርስ ትራም ተዘርግቷል፤ የሚቀምስ ሰው መሪ እንዳይዝ ከዚህ የተሻለ መላ አልተገኘም። ባቱ ላይ ግን ጎብኚ የሚቀበለው ፋብሪካ አንድ ነው። የስቴለንቦሽን መስመር እንዳለ ለመቅዳት መሞከር አንድ በር ያለውን ቤት ሠፈር ብሎ እንደ መጥራት ይሆናል።

ስለዚህ መስመሩን መሙላት የሚቻለው በራሳችን ባለው ነው፤ እሱም ጠጅ ነው። ማር፣ ውኃና ጌሾ በጋን ተጠንስሶ፣ ሳምንታት ቆይቶ፣ ተጠልሎ በብርሌ የሚቀርበው ጠጅ ከወይን ፋብሪካው ማብራሪያ ቀጥሎ ቢታይ ጎብኚው ሁለት የፍላት ጥበቦችን ጎን ለጎን ያነጻጽራል፤ በአንዱ በኩል የብረት ጋንና የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ በሌላው በኩል የእናቶች እጅና ልምድ። በዓይነቱ የትም የማይገኝ ከሰዓት በኋላ የሚሆነውም ይኸኛው ነው። ጠጅ የሚጥሉ ሴቶች በመስመሩ ውስጥ ለመግባት የሚያስፈልጋቸው ንጹሕ ስፍራ፣ ያልተበረዘ ማርና ቋሚ ቀጠሮ እንጂ ትልቅ ካፒታል አይደለም። በዚህ በኩል የጤና ቁጥጥሩ ቀድሞ እንዲታሰብበት ያስፈልጋል፤ ሆዱን የታመመ አንድ እንግዳ ለአሥር ዓመት የተገነባ ስም ያበላሻልና።

አስጎብኚዎች ሊሸሹት የማይገባ አንድ ጥያቄም አለ፤ እሱም የውኃ ነው። ዝዋይ ሐይቅ ከአትክልት፣ ከአበባና ከወይን እርሻዎች የመስኖ ፍላጎት ጋር የከተማውን የመጠጥ ውኃ ይሸከማል፤ ትርፉ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አብያታ ይወርዳል፤ አብያታ ደግሞ ባለፉት አሥርት ዓመታት እጅግ መሸሹ የታወቀ ነው። ጎብኚ የጠብታ መስኖውን ቱቦ ሲያይ “ውኃው ከየት ነው?” ማለቱ አይቀርም። ጥያቄውን በቀልድ ማለፍ ለአስጎብኚውም ለፋብሪካውም አይበጅም፤ ለአንድ ረድፍ ተክል ምን ያህል ውኃ እንደሚሰጥና የታጠበበት ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ከፋብሪካው ጠይቆ መልሱን ይዞ መገኘት የሥራው አካል ነው።

ለመጎብኘት ያቀዱ ተገልጋዮች ቀጠሮ ከመያዛቸው በፊት ፋብሪካው በዚያ ሳምንት እንግዳ የሚቀበል መሆኑን፣ ለቀማ ወይም ፍላት ላይ ከሆነም የትኛው ክፍል እንደሚዘጋ በስልክ ቢያጣሩ ይመረጣል። የተዘጋ ጫማ፣ ባርኔጣና የመጠጥ ውኃ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ የሚነሡ ከሆነ የመንገዱን ሁኔታ በዕለቱ ማለዳ ማረጋገጥ፣ በባቱ ለማደር የወሰኑም አልጋውን ከጉብኝቱ ቀጠሮ ጋር አንድ ላይ መያዝ ይኖርባቸዋል፤ በበዓላትና በረጅም የዕረፍት ቀናት በሐይቁ ዳር ያሉት ሆቴሎች ቀድመው ይሞላሉ።